ቢል ሻንክሊ፦ ደጋፊውን እስከ መጨረሻው የሸኘ አሰልጣኝ

ሸዋሮቢት ላይ ባጃጅ ስትሳፈሩ የእንግሊዝ ክለብ አርማ የለጠፈች አታጡም። ቅዳሜና እሁድ ከደብረ ሲና እስከ አጣዬ የኳስ ማሳያ ቤቶች ጢም ይላሉ። ቆላው ሙቀቱ ቢያቃጥልም፣ መብራት ቢሄድም ደጋፊ ከቦታው አይነቃነቅም። አንዳንዱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ክለብ ሲደግፍ ፂም አብቅሏል።

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ያ ደጋፊ አንድ ቀን ክፉኛ ቢታመምና ከማሳያ ቤቱ ቢቀር ማን ነው የሚያስታውሰው? ክለቡ በሕይወት መኖሩንስ ያውቃል?

ዛሬ የምንተርክላችሁ ሰው ይህን ጥያቄ በወሬ ሳይሆን በኑሮው የመለሰ ነው። ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙን የሊቨርፑል ደጋፊዎች በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ቢል ሻንክሊ ይባላል። ዋንጫዎቹን ብዙ ሰው አውርቶላቸዋል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ለደጋፊው ምን እንደነበር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከሰል መንደር ልጅ

ሻንክሊ የተወለደው መስከረም 2 ቀን 1913 በስኮትላንድ፣ ግሌንባክ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ የምትኖረው በድንጋይ ከሰል ነበር። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤተሰቡ 10 ልጆች ነበሩት፤ እሱ 9ኛው ነው። አምስቱም ወንዶች ልጆች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች ሆነዋል። አምስቱም! የእናቱ ወንድሞችም ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። እናም ኳስ ለዚህ ቤት እንደ እንጀራ ነበረች ማለት ይቻላል።

በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከሰል ጉድጓድ ገባ። ሁለት ዓመት ያህል ሠራና ጉድጓዱ ሲዘጋ ሥራ ፈት ሆነ። ይቺ ሁለት ዓመት ግን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀችውም። ከመሬት በታች የሚሠራ ሰው ሕይወቱ ያለው በጎኑ በሚሠራው ሰው እጅ ነው። አንዱ ቸል ቢል ሁሉም ያልቃል። ሻንክሊ ኋላ ላይ ስለ ኳስ ያለው እምነት በሙሉ የወጣው ከዚህ ነው፦ ሁሉም ለሁሉም ይሠራል፣ ሲሳካም ሁሉም ይካፈላል። እኛ ጋ ጤፍና ማሽላ ሲደርስ ደቦና ወንፈል የምንለው ነገር ማለት ነው። ለሻንክሊ ደግሞ በዚያ ደቦ ውስጥ ተጫዋቹ ብቻ አልነበረም፤ ደጋፊውም ነበር።

በ1932 ካርላይል ዩናይትድ ገባ፣ በ1933 ወደ ፕሬስተን ተዛወረ። በ1938 ከፕሬስተን ጋር የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ በላ፣ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድንም ተሰለፈ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ምርጥ የተጫዋችነት ዓመታቱን ወሰደበት። በ1949 ጫማውን ሰቅሎ አሰልጣኝ ሆነ። ካርላይል፣ ግሪምስቢ፣ ወርኪንግተን፣ ሃደርስፊልድ... ገንዘብ በሌላቸው ክለቦች 10 ዓመት ተንከራተተ።

ሊቨርፑል

ታኅሣሥ 1959 ሊቨርፑል ጠራው። የዛሬውን ሊቨርፑል እንዳታስቡ። ያኔ ክለቡ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። ሜዳው ያረጀ፣ የልምምድ ቦታው ሜልዉድ ደግሞ ጭራሽ የተጣለ ነበር። ሻንክሊ የመጀመሪያውን ቡድን ተጫዋቾች አብዛኞቹን ሸኘ። ረዳቶቹን ግን አልነካም። ቦብ ፔዝሊና ጆ ፋጋን አብረውት ቀሩ፤ ሁለቱም ኋላ በተራቸው ሊቨርፑልን አሰልጥነው የአውሮፓ ዋንጫ አንስተዋል።

1962 ለእኛም ትልቅ ዓመት ናት። በጥር ወር ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሻንክሊ ሊቨርፑልን ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን መለሰ። የሚገርመው በዚያው የውድድር ዘመን ወንድሙ ቦብ ሻንክሊ ደንዲን የስኮትላንድ ሻምፒዮን አድርጓል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። ሊጉን በ1964፣ በ1966 እና በ1973፤ ኤፍኤ ካፕን በ1965 እና በ1974፤ የዩኤፋ ካፕን በ1973 አነሳ። የ1965ቱ ኤፍኤ ካፕ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ሊቨርፑል ከላይ እስከ ታች ቀይ መልበስ የጀመረውም በእሱ ዘመን ነው።

በሩ ያልተዘጋ ቤት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ሻንክሊ ያን ሁሉ ዋንጫ የበላ ሰው ሆኖ የሚኖረው ከተራ የከተማው ነዋሪ ጋር በአንድ ሰፈር፣ ተራ ቤት ውስጥ ነበር። ስልክ ቁጥሩን ለማግኘት የስልክ ማውጫ መግለጥ ይበቃል። የሰፈር ሕፃናት በሩን አንኳኩተው ኳስ እንጫወት ይሉታል፤ ይወጣል። ቀልዱን እንዳይመስላችሁ፤ ከልጆቹም ጋር ቢሆን መሸነፍ አይወድም ነበር።

ደጋፊ ደብዳቤ ከጻፈለት በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ቁጭ ብሎ፣ ራሱ እየመታ መልስ ይሰጣል። ለአንዳንዱ ይደውልለታል። እስቲ አስቡት፤ ቤታችሁ ስልክ ይጮሃል፣ ስታነሱት የምትደግፉት ክለብ አሰልጣኝ ነው፣ ስለ ባለፈው ጨዋታ ሊያወራችሁ ነው የደወለው። ትኬት መግዣ ላጣ ደጋፊም ትኬት ፈልጎ ይሰጥ ነበር።

በ1973 ሊጉን ሲበሉ አንፊልድ ላይ ዋንጫውን ይዞ እየዞረ ነበር። አንድ ደጋፊ የአንገት ልብሱን ወረወረለት። እዚያ የነበረ ፖሊስ በእግሩ ገፋ አደረጋት። ሻንክሊ ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ አንገቱ ላይ አሰራት፣ ፖሊሱንም ገሠጸው፤ ያቺ ጨርቅ የአንድ ሰው ሕይወት ልትሆን እንደምትችል ነገረው። ሻንክሊን በአንድ ምስል ግለጹ ብንባል እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

የደጋፊው ኑዛዜ

አሁን የምንነግራችሁ ነገር ለእኛ ለይፋት ሰዎች፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ እንግዳ ነው። እንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ይቃጠላል፤ አመዱን ቤተሰብ ወስዶ ሟቹ በሚወደው ቦታ ይበትነዋል ወይም ይቀብረዋል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊቨርፑልን የደገፉ ሰዎች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ወደ ክለቡ የሚመጡት የእነሱን የመጨረሻ ምኞት ይዘው ነው፤ አመዴን አንፊልድ አድርጉልኝ የሚል። ቢሮ ያለ ሰው ለዚህ ቀላል መልስ አለው፤ ሳሩ ይበላሻል፣ ደንብ አይፈቅድም፣ ሥራ አለን። ሻንክሊ ግን ቤተሰቦቹን ተቀብሎ ሜዳ ያስገባቸው ነበር። አመዱ ኮፕ በሚባለው በኩል፣ ጎሉ አካባቢ ያርፋል። ኮፕ ማለት ከጎሉ ጀርባ ያለው የቀለጠው ደጋፊ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው፤ የአዲስ አበባ ስታዲየምን ካታንጋ አስቡት።

ለሻንክሊ ነገሩ ቀላል ነበር። ሰውየው በሕይወት እያለ ክለቡን ደግፏል፣ ሞቶም ደጋፊ ነው፣ ስለዚህ ቦታው እዚያ ነው። ዋንጫ የሚያነሳ አሰልጣኝ በየዘመኑ ይመጣል። ያላየውን፣ ስሙን የማያውቀውን ደጋፊ ኑዛዜ እንደ ቤተሰብ ኑዛዜ የሚቆጥር አሰልጣኝ ግን ስንቴ አይታችኋል?

መልአክ አልነበረም

ሰውየውን ቅዱስ ልናደርገው አንፈልግም። አብረውት የሠሩ ተጫዋቾች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። የተጎዳ ተጫዋች አይወድም። ትናንት ሲያሞግሰው የነበረውን ልጅ ከተጎዳ በኋላ እንደሌለ ያየዋል፣ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳን አያናግረውም። ያኔ የቡድኑ ስብስብ ጠባብ ነው፣ ተጎድቶ መቀመጥ እንደ ነውር ይታያል። በ1965ቱ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ጄሪ ባይርን ገና ከመጀመሪያው ክላቪክል የሚባለው የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ጭማሪውን ጨምሮ 120 ደቂቃ ተጫውቷል፤ ቅያሪ የሚባል ነገር አልነበረማ።

ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለማያውቀው ደጋፊ ኀዘን ልቡ የሚከፈት ሰው ለገዛ ተጫዋቹ ሕመም ልቡን ይዘጋ ነበር። ምናልባት ተጫዋቹን የሚያየው እንደ ሥራ ባልደረባ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ያልወረደ ሠራተኛ ሆኖበት ይሆናል። ደጋፊውን ግን የሚያየው እንደ ቤተሰብ ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ጥፋት ጥፋት ነው። ደግነትም ሁሉንም የሰውየውን ክፍል ላይነካ ይችላል።

ብድሩ ሲመለስ

ሐምሌ 1974 ሻንክሊ ድንገት ሥራ መልቀቁን አሳወቀ፤ ከተማው ደነገጠ። ብዙም ሳይቆይ ራሱም የተጸጸተ ይመስላል። ሜልዉድ ልምምድ ላይ መምጣቱን ቀጠለ፣ ተጫዋቾቹም አለቃ እያሉ ይጠሩት ነበር። ይህ ለተተኪው ለፔዝሊ ስላስቸገረ ክለቡ ከልምምድ ሜዳው አራቀው። በጣም ቆሰለ። የኤቨርተን የልምምድ ሜዳ ከቤቱ ቅርብ ነበርና፣ የከተማው ባላንጣ ክለብ ከራሱ ክለብ የተሻለ ተቀበለው።

ደጋፊው ግን አልረሳውም። በ1975 አንድ ቀን የክብር ወንበሩን ትቶ ኮፕ ላይ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ጨዋታ ተመለከተ። ሕዝቡም የራሴ ነህ ብሎ ተቀበለው።

መስከረም 1981 የልብ ሕመም አጋጠመው። ሆስፒታል ገባ፤ በመስከረም 29 በ68 ዓመቱ አረፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሱዋንሲ አንፊልድ መጣ። የሱዋንሲ አሰልጣኝ የሻንክሊ የቀድሞ ተጫዋች ጆን ቶሻክ ነበር። ለሕሊና ጸሎቱ ሲቆም የሊቨርፑልን ማሊያ ለብሶ ታየ።

የሻንክሊ አመድስ የት ሄደ? አንፊልድ፣ ኮፕ በኩል። እነዚያ ምኞታቸውን የፈጸመላቸው ደጋፊዎች ካረፉበት ሳር ላይ። ዛሬ በስሙ የተሠራ በርና ሐውልት አለ። ሐውልቱ እጆቹን ዘርግቶ፣ አንገቱ ላይ የደጋፊ የአንገት ልብስ አስሮ ቆሟል።

ለእኛስ?

ይፋት ውስጥ የታመመ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሩ አለ፣ ጎረቤት አለ። ከባድ ሕመም ሲሆን ሰው ጣርማበርን ተሻግሮ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ይሄዳል። ያኔ ፎቶና የባንክ ቁጥር ይለጠፋል፣ ብር እናዋጣለን። ጥሩ ነው፤ እንቀጥልበት።

ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሻንክሊ ለደጋፊው የሰጠው በአብዛኛው ብር አልነበረም። ደብዳቤ ነው፣ ስልክ ነው፣ ትኬት ነው፣ ጊዜ ነው። ሕመም ሲረዝም ብሩ ያልቃል፣ ጠያቂውም ይቀንሳል። ሰውየው ግን አሁንም ክለቡ ስንት ለስንት እንደወጣ ማወቅ ይፈልጋል። ማን እንዳገባ፣ ማን ቀይ እንዳየ፣ ማሳያ ቤት ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጨቃጨቀ መስማት ያምረዋል። ለአንድ ሰዓት ተኩል በሽተኛ መሆኑን ረስቶ ደጋፊ መሆን ይፈልጋል።

ይህን ለማድረግ ደግሞ ታዋቂ አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም። ስልካችሁን ይዛችሁ ቤቱ ሄዳችሁ ጎሎቹን አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ራቅ ያለ ቦታ ከሆነ ደውላችሁ ጨዋታውን ተርኩለት። የባላንጣ ክለብ ደጋፊ ከሆነም ሂዱ፤ መተራረቡ ራሱ መድኃኒት ነው።

ከእናንተ ማሳያ ቤት የቀረ ሰው አለ? ስሙን አስታውሱና ዛሬውኑ ደውሉለት።