የትንሿ ድመት አባት

 

ቤታችሁ ፈሪ ድመት ካለች ነገሩን ታውቁታላችሁ። በር ሲንኳኳ አልጋ ስር ትገባለች፤ እንግዳው ከሄደም በኋላ ቶሎ አትወጣም። ወዳችኋት እጃችሁን ስትዘረጉ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ይሄኔ የቤት ሰው ይቺ ምን ትጠቅማለች፣ ለሰው ስጧት ማለት ይጀምራል። ከመስጠታችሁ በፊት የአንድ ሶሃባ ታሪክ ስሙኝ።

አብዱረሕማን ኢብኑ ሶኽር ብላችሁ ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ስል ግን የማያውቅ የለም፤ ድግግሞሹን ጨምሮ ከ5,300 በላይ ሐዲስ በእሳቸው በኩል ደርሶናል። ከየመን በኩል ካለው የደውስ ጎሳ ናቸው። የቲም ሆነው አደጉ፣ የቤተሰባቸውን በጎች ይጠብቁ ነበር። አንዲት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው። ማታ ዛፍ ላይ ያስቀምጧታል፣ ሲነጋ ይዘዋት ወጥተው ይጫወቱባታል። ሰዎችም በእሷ ሰበብ የትንሿ ድመት አባት አሏቸው።

ዛፉን ልብ በሉልኝ። የፈራች ድመት ከፍ ያለ ቦታ ትወዳለች፤ ከላይ ሆና ሁሉን ታያለች፣ ከኋላ የሚመጣባት የለም። የእናንተዋም ቁም ሳጥን ላይ ከወጣች ጎትታችሁ አታውርዷት።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። መዲና ውስጥ ቤትም ገንዘብም ስላልነበራቸው መስጂዱ ጥግ ከሱፋ ሰዎች ጋር ኖሩ። ረሃቡ ሲጠና ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ ነበር። አንድ ቀን ሰው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ተቀመጡ። አቡበክር (ረ.ዐ) ሲያልፉ ስለ አንድ የቁርኣን አንቀጽ ጠየቋቸው፤ አንቀጹ ጠፍቷቸው አይደለም፣ ምናልባት ቤት ይወስዱኝ ይሆናል ብለው ነው። መልሰውላቸው አለፉ። ዑመርም (ረ.ዐ) እንዲሁ። መለመን አፍረው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ ግን ገና ፊታቸውን አይተው ገባቸው፣ ፈገግ አሉ፤ አባ ሂር ብለው፣ በድመቷ ስም ጠርተው፣ ይዘዋቸው ሄዱ። ቤት ውስጥ አንድ ዋንጫ ወተት ነበር። የሱፋን ሰዎች በሙሉ ጥራ ሲባሉ አቡ ሁረይራ ለእኔ ምን ይተርፋል ብለው ሰጉ (ማን አይሰጋም?)። ሁሉም ጠጥተው ጠገቡ፤ ከዚያ እሳቸው ቦታ እስኪያጡ ድረስ ደጋግመው ጠጡ።

ድመትም የቸገራትን አትናገርም፣ ፊቷ ላይ ይነበባል። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች፣ ጅራቷን ከሸጎጠች፣ ራቁኝ ማለቷ ነው። ምግቧን አስቀምጡና ፈቀቅ በሉ። ወለል ላይ ተቀመጡ፣ አታፍጥጡባት፣ ዓይናችሁን ቀስ እያላችሁ ጨፈን ገለጥ አድርጉ። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ወራትም። እልክ ይዟችሁ ክፍል ውስጥ እንዳትቆልፉባት ብቻ። ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለችና በዚያ ሰበብ እሳት ስለገባችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ካስተላለፉት አንዱ እሳቸው ናቸው።

በኋላ በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ባህሬን ላይ ተሹመዋል፤ እናታቸውም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓ ሰልመውላቸዋል፤ ብዙ ተማሪዎች ከበዋቸዋል። በ50ዎቹ ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ አርፈው በቂዕ ሲቀበሩም ሰው የሚጠራቸው በዚያች ድመት ነበር።