ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1878 – 1911 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ፣ የታሪክና የኢኮኖሚ አሳቢ እንዲሁም የመንግሥት ሹም ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ አውሮፓ ሄደው የጀርመንን ቋንቋ ከተማሩና በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ከሠለጠኑ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። በይበልጥ የሚታወቁት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እና «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባሉት ሁለት የአማርኛ ሥራዎቻቸው ነው።

ልጅነት

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በትግራይ፣ በዓድዋ አካባቢ ነው። ዘመኑ ለአካባቢው ሰው አስከፊ ነበር። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ወደቁ፤ በዚያው ዘመን የከብት እልቂትና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሩን አራቆተው። ብዙ ትግራዮች ወደ ምጽዋና ወደ ኤርትራ ደጋ ተሰደዱ። ገብረ ሕይወትም ገና ሕፃን ሳሉ በምጽዋ አቅራቢያ ምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

በሕይወት ታሪካቸው እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር በምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ወጡ። መርከቡ ሲነሣ ሌሎቹ ወረዱ፣ እርሳቸው ግን ተሸሽገው ቀሩ። የመርከቡ አዛዥም አውሮፓ ሲደርስ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ በአደራ ሰጣቸው።

የጀርመን ቋንቋና የበርሊን ትምህርት

የኦስትሪያ ሕዝብ የሚናገረው ጀርመንኛ ስለሆነ ገብረ ሕይወት ቋንቋውን መጀመሪያ ያገኙት በቤት ውስጥ ነው። ከዚያም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። በ1810 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና፣ በታሪክና በፍልስፍና ትምህርት በዓለም የታወቀ ነበር።

በዚያው ዘመን በበርሊን የተገላቢጦሽ ትምህርትም ይካሄድ ነበር። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በጀርመን መንግሥት ጥያቄ በዐፄ ምኒልክ ተልከው ከ1905 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ለጀርመኖች አማርኛ አስተምረዋል። ይህ ግንኙነት የተጠናከረው የፍሪድሪኽ ሮዘን ልዑክ በ1905 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተፈራረመ በኋላ ነው።

ወደ አገር መመለስና ስደት

ገብረ ሕይወት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው የዐፄ ምኒልክ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኑ። ጀርመንኛ ማወቃቸው ለሥራቸው ጠቃሚ፣ ለሕይወታቸው ግን አደገኛ ሆነ። በ1909 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው ሳለ፣ በጀርመናዊው ሐኪም ሽታይንኩለርና በአማካሪው በጺንትግራፍ ዙሪያ በቤተ መንግሥት ትልቅ ውዝግብ ተነሣ። ገብረ ሕይወት ከጀርመኖቹ ጋር በአስተርጓሚነት ስለሠሩ ከአገር ወጥተው በሱዳን ለመቆየት ተገደዱ።

ሥራዎች

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት በወጣ ስብስብ ውስጥ ታተመ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ገብረ ሕይወት የዐፄ ምኒልክን መልካም ሥራ እያመሰገኑ የአስተዳደሩንም ጉድለት በግልጽ አሳይተዋል። የንጉሡ የግል ገቢ ከመንግሥት ገቢ እንዲለይ፣ ግብር በልክ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ የተጻፈ ሕግ እንዲወጣ፣ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋና የሃይማኖት ነፃነት እንዲከበር አሳስበዋል። የተማረ ትግሬ ከአገሩ ለምን እንደሚሰደድም በቁጭት አንሥተዋል።

ሁለተኛው ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ሀብት የሚገኘው ከሥራ መሆኑ ነው። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ያመርታል፤ የሌለው ግን ብዙ ደክሞ ያገኘውን ምርት፣ ጥቂት ድካም በወጣበት የፋብሪካ ዕቃ ይለውጣል። ስለዚህ ሁለቱ ሲገበያዩ ዕውቀት የሌለው ምንጊዜም ይከስራል። የባቡር ሐዲድም ቢሆን ሕዝቡ ራሱ ማምረት ካልተማረ ከአገሬው ይልቅ የውጭ ነጋዴን እንደሚጠቅም አስረድተዋል። የእርስ በርስ ጦርነት ምርትን እያጠፋ ኢትዮጵያን ማደኽየቱንም ጽፈዋል።

ኋላ ላይ የተነሡ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ሐሳብ በ1950 እ.ኤ.አ. የራውል ፕሬቢሽ ጽሑፍ በላቲን አሜሪካ ካስነሣው የንግድ ሚዛን ክርክር ጋር ያነጻጽሩታል። የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ግን ከዚያ ከ25 ዓመት በላይ ቀድሞ ታትሟል።

ሹመትና ሞት

ከስደት ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ – ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪነት፣ ከዚያም በድሬዳዋ ነጋድራስነት አገልግለዋል። በዚህ ሹመት የጉምሩክ ቀረጥን ሥራ በቅርብ ስለመሩ፣ በመጽሐፋቸው ያነሡትን የውጭ ንግድ በየቀኑ በዓይናቸው ያዩት ነበር። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው አረፉ።

ትዝታ

ገብረ ሕይወት የተማሩት ሕክምና ቢሆንም ስማቸው የቀረው በሐኪምነት አይደለም። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትግርኛ፣ የተማሩበት ጀርመንኛ ሆኖ ሳለ ሁለቱንም ሥራዎች የጻፉት በአማርኛ ነው። በዚያን ጊዜ በአማርኛ ስለ ካፒታል፣ ስለ ገንዘብና ስለ ውጭ ንግድ የተጻፈ መጽሐፍ ስላልነበረ፣ በባዕድ ቋንቋ የቀሰሙትን ዕውቀት የአገራቸው አንባቢ በሚረዳው ቃል ማስረዳት ነበረባቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1995 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ታትሟል። ሁለቱም ሥራዎች ዛሬም በኢትዮጵያ የታሪክና የኢኮኖሚ ጥናት ውስጥ ይጠቀሳሉ።