የእረኛን ዋሽንት ኦርኬስትራ ፊት ያቆሙት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ከብት እየነዳ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ በእኛ ቆላ ያላየ ማን አለ? ሁላችንም ሰምተን አልፈናል። አንድ ሰው ግን ሰምተው አላለፉም።

አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ ሄደው ኢስትማን በተባለው ስመ ጥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1962 ተመረቁ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፣ ግን ተመለሱ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሳቸው ናቸው።

በ1967 ደግሞ ሃንጋሪ ሄደው ራሳቸው የደረሱትን ሙዚቃ በዚያ አገር ኦርኬስትራ አስጫወቱ። ታሪኩ የማን መሰላችሁ? የዋሽንተኛው እረኛ! ቦታውም ገጥሟል። ሃንጋሪ እነ ባርቶክና ኮዳይ በየመንደሩ ዞረው የገበሬ ዘፈን እየቀዱ ትልቅ ሙዚቃ የሠሩባት አገር ናት።

ከዚያ በኋላ እንደገና ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በ1971 በሙዚቃ ጥናት ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1974 ኮቶ የሚባለውን የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ ከቫዮሊን፣ ከክላርኔትና ከፍሉት ጋር ያጣመረ ሥራ ጻፉ። የጃፓን ቅኝትም እንደ እኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ብዙም አይራራቅም።

ለእኛ ለድንበር ሰዎች በጣም የሚቀርበው ግን በ1977 ያሳተሙት ጥናት ነው። ስለ ክራር ነው። በገና የዳዊት ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ይናቅ እንደነበር ጻፉ። ክራርንም ለብቻው አላዩትም፤ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰብ አካል አድርገው ነው ያጠኑት። ከጋላባት ወዲያ ሱዳኖች ጠምቡር የሚሉት መሣሪያ የክራር ዘመድ ነው። እኛ በኬላ የምንለያየውን ክሩ ያገናኘዋል ማለት ነው።

በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥር መጽሐፍ አሳተሙ። ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1998 በ60 ዓመታቸው እዚያው ፍሎሪዳ አረፉ። አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ከአገር ውጭ ነው፤ ለዚህም ይመስለናል ብዙዎቻችን ሳናውቃቸው ያደግነው።

እሳቸው ያንን ድምፅ ለመያዝ ኖታና ኦርኬስትራ አስፈልጓቸዋል። እኛ ስልክ በኪሳችን አለ። ሰፈራችሁ ዋሽንት የሚነፋ ሽማግሌ ካለ፣ አስፈቅዳችሁ ዛሬ ቅዱት። ነገ ላይገኝ ይችላል።