ካርል ሰይፈርት፦ ከንቁ ጋላክሲዎች ስም በስተጀርባ ያለው ሰው

በእንጦጦም ሆነ በሌላ ምልከታ ጣቢያ ንቁ ጋላክሲዎችን የሚያጠና ተመራማሪ የሰይፈርትን ስም ዘወትር ይጠራል። ስሙ የአንድ የጋላክሲ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ በመቅረቱ ግን ሰውየው ተዘንግቷል።

ካርል ኪናን ሰይፈርት እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ። በ1936 በሃርሎው ሻፕሊ አማካሪነት ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ ጥቂት ዓመታት በቴክሳስ ሠርቶም በ1940 ወደ ማውንት ዊልሰን ምልከታ ጣቢያ ተዛወረ። በ1943 የታተመው ዝነኛ ጽሑፉ የዚያ ቆይታው ፍሬ ነው።

ጽሑፉ በዝርዝር የመረመረው ስድስት ጋላክሲዎችን ብቻ ነበር። የማዕከላቸው ብርሃን በስፔክትረም ሲተነተን ብሩህ መስመሮቹ ከተለመደው እጅግ ሰፍተው ተገኙ፤ የአንዳንዶቹ ስፋት በሰከንድ እስከ 8,500 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ የጋዝ ፍጥነት ጋር የሚመጣጠን ነበር። ከስድስቱ አንዱ በሆነው በኤን ጂ ሲ 1068 ላይ ኤድዋርድ ፋዝ በ1908 ብሩህ መስመሮችን አይቶ ነበር። የሰይፈርት ብልጫ የተበታተኑትን ምልክቶች እንደ አንድ ወገን ማየቱ ነው። ይሁንና ዘመኑ የጦርነት ነበርና እርሱም በክሊቭላንድ ለወታደሮች የአቅጣጫ ስሌት ወደ ማስተማር ዞረ፤ ግኝቱን ተከታትሎ የገፋበት ሰው ለዓመታት አልተገኘም።

ጉዳዩን የቀሰቀሰው ራዲዮ ነው። በ1950ዎቹ ኤን ጂ ሲ 1275 እና ኤን ጂ ሲ 1068 የራዲዮ ጨረር አመንጪዎች መሆናቸው ታወቀ። በ1951 ደግሞ ኢወን እና ፐርሴል፣ በዚያው በሃርቫርድ፣ ገለልተኛ ሃይድሮጅን የሚለቀውን የ21 ሴንቲ ሜትር ሞገድ አገኙ። ሁለቱ ዘዴዎች ሲጣመሩ ጥቅማቸው ጎላ፤ ከጋላክሲው ማዕከል የሚወጣውን የራዲዮ ጨረር ከፊቱ ያለው ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ሲመጠው፣ የተመጠጠው ሞገድ ርዝመት ጋዙ ወደ ማዕከሉ እየገባ ወይም እየተገፋ መሆኑን ይናገራል። በዚህ መንገድ በ1970ዎቹ በኤን ጂ ሲ 1275 ፊት ለፊት፣ ከራሱ ከጋላክሲው በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚፈጥን የሃይድሮጅን ጋዝ ተለይቷል።

ሰይፈርት ይህን አላየም። ከ1946 ጀምሮ በናሽቪል፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ፣ የሌንሱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ቴሌስኮፕ እያስተማረ የከተማዋን ሕዝብና ነጋዴዎች ለአዲስ ምልከታ ጣቢያ ያስተባብር ነበር። የዳየር ምልከታ ጣቢያ በ1953 ተከፈተ፤ የቴሌስኮፑ መስታወት 61 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በእንጦጦ ካሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያነሰ ነው። ለአዲስ ምልከታ ጣቢያ የተጠኑት የላሊበላ ዙሪያ ከፍታዎችም ተመሳሳይ ድካም ይጠይቃሉ። ግንባታው ምርምሩን አጓድሎበታል ማለት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በስሙ የሚጠራውን የስድስት ጋላክሲዎች ስብስብ ያስታወቀው በዚያው ጊዜ፣ በ1951 ነበር።

ሰኔ 1960 በናሽቪል በመኪና አደጋ በ49 ዓመቱ አረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማርተን ሽሚት የኳዛርን ርቀት ሲያረጋግጥ ተመራማሪዎች ወደ 1943ቱ ጽሑፍ ተመለሱ። የዳየር ቴሌስኮፕም በስሙ ተሰየመ።