ሁለት ጊዜ የተሰገደባቸው መሪ

የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ ለይለተል ቀድርን በተስፋ የማይጠባበቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። ብዙዎች ይበልጥ ዓይናቸውን የሚጥሉት ደግሞ በ27ኛዋ ሌሊት ላይ ነው። በ1947 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቺ ሌሊት የገባችው ኦገስት 14 ለ15 አጥቢያ ነበር። በዚያችው ሌሊት የእንግሊዝ አገዛዝ በሕንድ ክፍለ አህጉር አበቃ፤ ፓኪስታን የምትባል አዲስ አገርም ተወለደች። ብዙ ፓኪስታናውያን ይህን መገጣጠም እስከ ዛሬ እንደ መልካም ምልክት ያነሱታል።

የዚያች አገር መሥራች ሙሐመድ ዓሊ ጂናህ ናቸው። ሕዝቡ ቃኢደ አዕዘም ይላቸዋል፤ ታላቁ መሪ ማለት ነው። ምስላቸው በአገሪቱ የገንዘብ ኖቶች ላይ ታትሟል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግድግዳም ተሰቅሏል። ካራቺ ውስጥ በነጭ እብነ በረድ በተሠራው መቃብራቸው የክብር ዘብ ይቆማል። ይህን ያህል የተከበሩት ሰው ግን የየትኛው መዝሀብ ተከታይ እንደነበሩ እንኳ አገራቸው ሳትስማማ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

በይፋ የሚታወቀው የልደት ቀናቸው ዲሴምበር 25 ቀን 1876 ነው። የተወለዱት በካራቺ ከተማ፣ ኾጃ ከሚባል የነጋዴዎች ማኅበረሰብ ነው። ይህ ማኅበረሰብ በዚያን ጊዜ አጋ ኻንን የሚከተል የኢስማዒሊያ ሺዓ ወገን ነበር። ጂናህ በኋላ ከዚህ ወጥተው ወደ አሥራ ሁለት ኢማሞች ሺዓ መግባታቸው ይነገራል። አባታቸው ንግድ እንዲማሩ ገና በ16 ዓመታቸው ገደማ ወደ ለንደን ላኳቸው። እርሳቸው ግን ንግዱን ትተው ሕግ ተማሩ፤ በ1896ም ጠበቃ ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እናታቸውም፣ ከመሄዳቸው በፊት ቤተሰብ የዳረላቸው ወጣት ሚስታቸውም እርሳቸው በባዕድ አገር ሳሉ ሞተው ነበር።

በቦምቤይ ከተማ ስማቸው የገነነው በጥብቅና ሙያቸው ነው። በ1910 የሕንድ የሕግ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1913 ደግሞ ሙስሊሞች ንብረታቸውን ለቤተሰባቸው ጥቅም ወቅፍ ማድረግ እንዲችሉ የሚፈቅደው ሕግ እንዲጸድቅ አደረጉ። አለባበሳቸው በለንደን ልክ የተሰፋ ሱፍ፣ የሚቀናቸው ቋንቋም እንግሊዝኛ ነበር። ኋላ የአገሪቱ ቋንቋ ይሆናል ያሉትን ኡርዱ እንኳ አቀላጥፈው አይናገሩትም ነበር።

ዛሬ አገር የከፈሉ ሰው ተደርገው የሚታወሱት ጂናህ በወጣትነታቸው የሂንዱና የሙስሊም አንድነት አምባሳደር እየተባሉ ይወደሱ ነበር። የኮንግረስ ፓርቲ አባል ሆነው ሳለ በ1913 የሙስሊም ሊግን ተቀላቀሉ፤ በ1916ም ሁለቱን ድርጅቶች በሉክኖው ስምምነት አስታረቁ። በ1920 ከኮንግረስ የወጡት ከጋንዲ መንገድ ጋር ባለመስማማት ነው። በሃይማኖት ስሜት ሕዝብን አደባባይ ማውጣት አደገኛ ነው ብለው ይሰጉ ነበር።

የቤት ሕይወታቸውም ቀላል አልነበረም። በ1918 ያገቧት ረታንባይ የፓርሲ ባለጸጋ ልጅ ስትሆን፣ ከጋብቻው በፊት እስልምናን ተቀብላለች። በ1929 ገና በ29 ዓመቷ ሞተች። አንዲት ልጃቸው ዲና ሙስሊም ያልሆነ ሰው ልታገባ ስትነሳ አባት አጥብቀው ተቃወሙ። እርሷ ግን አገባችው፤ ከዚያ በኋላም በሁለቱ መካከል ቅዝቃዜ ሰፈነ። ጎናቸው ሳትለይ እስከ መጨረሻው የቆየችው እህታቸው የጥርስ ሐኪሟ ፋጢማ ጂናህ ነች።

በ1937 ምርጫ ሙስሊም ሊግ ክፉኛ ተሸነፈ። ጂናህ ከዚያ በኋላ ሱፉን በሸርዋኒና በፀጉራም ኮፍያ እየለወጡ በሕዝብ ፊት ይታዩ ጀመር። በማርች 1940 ሊጉ በላሆር ከተማ ተሰብስቦ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው አካባቢዎች የራሳቸው መንግሥት እንዲቆም ጠየቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተካሄደው የማዕከላዊ ምክር ቤት ምርጫ ለሙስሊሞች የተመደቡትን 30 መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ።

ይህን ጥያቄ ሁሉም ሙስሊም አልደገፈውም። በመካ የተወለዱት ታዋቂው የቁርኣን ሙፈሲር መውላና አቡል ከላም አዛድ የሕንድን መከፈል ተቃወሙ። ከዴኦባንድ ዑለማዎችም ብዙዎቹ፣ በመውላና ሑሴን አሕመድ መደኒ እየተመሩ፣ ከኮንግረስ ጎን ቆሙ። በዲን ዕውቀት የታወቁት ዓሊም አንዲት ሕንድ ሲሉ፣ በአለባበስና በአኗኗር እንግሊዛዊ የሚመስሉት ጠበቃ የሙስሊሞች አገር ይሉ ነበር። ማን ለእስልምና ይበልጥ ተቆረቆረ የሚለው ጥያቄ በአለባበስ እንደማይመለስ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ያ የነጻነት ረመዳን የደም ረመዳንም ነበር። በፑንጃብ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ስደተኛ የጫኑ ባቡሮች ሬሳ ተሸክመው ጣቢያ ደረሱ። ሙስሊሙ ወደ ምዕራብ፣ ሂንዱውና ሲኩ ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። የሞቱት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ያደረሷቸውም አሉ። ዒድ አል ፊጥርን በስደተኛ መጠለያ የዋለው ሙስሊም ብዙ ነበር።

ጂናህ ግን አዲሲቱ አገር የሙስሊሞች ብቻ እንድትሆን አልፈለጉም። ኦገስት 11 ቀን 1947 ለሕገ መንግሥት ጉባኤው ባደረጉት ንግግር ዜጎች ሁሉ ወደ መስጂዳቸውም ሆነ ወደ ቤተ መቅደሳቸው የመሄድ ነጻነት እንዳላቸው፣ የሰው ሃይማኖት የመንግሥት ጉዳይ እንዳልሆነ ገለጹ። የመጀመሪያው የሕግ ሚኒስትር ሂንዱው ጆገንድራ ናት ማንዳል ነበሩ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጂናህ ሕገ መንግሥቱ ከሸሪዓ መርሆዎች ጋር እንደማይጋጭ ተናግረዋል። ዛሬ አንዱ ወገን የመጀመሪያውን ንግግር፣ ሌላው ሁለተኛውን እያነሳ ታላቁ መሪ የኔ ናቸው ይላል።

ጂናህ የሳንባ ነቀርሳ ሕመማቸውን ከሕዝብ ደብቀው ኖሩ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1948 ከባሉቺስታን ወደ ካራቺ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አምቡላንስ መንገድ ላይ ተበላሸ። የአገሪቱ መሥራች ሌላ መኪና እስኪመጣ በሙቀት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ፤ በዚያው ምሽትም በ71 ዓመታቸው አረፉ።

እንደሚተረከው በማግስቱ ሁለት ጊዜ ተሰገደባቸው። አንዱ በቤታቸው ጥቂት ሰዎች ባሉበት በሺዓ ሥርዓት የተፈጸመ ነው። ሌላው በአደባባይ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ የሱኒው ዓሊም መውላና ሸቢር አሕመድ ዑስማኒ ያሰገዱት ነው። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በውርሳቸው ምክንያት የመዝሀባቸው ጉዳይ እስከ ካራቺ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሕይወት ሳሉ ሙስሊም መባል በቂያቸው የነበሩት ሰው፣ ከሞቱ በኋላ ሱኒ ናቸው ሺዓ ናቸው እየተባሉ ምስክር ተቆጠረባቸው።

ያቆሟት አገርም በፈተና ወደቀች። በ1948 ዳካ ላይ ኡርዱ ብቻ የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ እንደሚሆን ሲናገሩ ቤንጋልኛ ተናጋሪው ተከፋ። በ1971 ምሥራቅ ፓኪስታን ብዙ ደም ፈስሶ ተገነጠለች፤ ባንግላዴሽ ሆነች። ሁለቱም ወገን በአብዛኛው ሙስሊም ነበር። ጂናህን ከስህተት የጠሩ አድርጎ ያደገ ትውልድ ግን የቋንቋው ውሳኔ ስህተት ነበር ለማለት ይቸግረዋል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተከታዮቻቸው ከመጠን ያለፈ ውዳሴ እንዳያወርዱባቸው፣ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ብለው ብቻ እንዲጠሯቸው አስተምረዋል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን ከጦር አዛዥነት ሲያነሱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ፣ ሰዎች ድሉን ከአላህ ሳይሆን ከኻሊድ ማየት መጀመራቸው ነው። ኻሊድም በሌላ አዛዥ ሥር ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ። ለነቢይ ያልተፈቀደ ውዳሴ ለጠበቃና ለፖለቲከኛ ሊፈቀድ አይችልም።

ልጆቻችን ስለ ጀግኖች ሲጠይቁን ጂናህን በሙሉ ሰውነታቸው ብንነግራቸው ይማሩባቸዋል። ብልህ ጠበቃ፣ የማይበገር ተከራካሪ፣ ልጁን የራቀ አባት፣ የሚሊዮኖችን ተስፋና ስደት በአንድ ሌሊት ያየ መሪ ነበሩ። በልባቸው የነበረውን የሚያውቀው አላህ ነው። ለሞተ ሰው የምናደርግለት ዱዓ ነው፤ ሥራውን ግን በጎውንም ጉድለቱንም ሳንደብቅ ለልጅ መንገር ይገባናል።