ከእስር ወጥቶ አሳሪ የሆነው ንጉሥ

በደቡብ ወሎ በአምባሰል የሚገኘውን የግሸንን አምባ ብዙዎቻችን የምናውቀው በክብረ በዓሉ ነው። በጥንት ዘመን ግን የነገሥታት ልጆች እስር ቤትም ነበር። ዙፋን ይሻማሉ የተባሉ ወንዶች፣ ወንጀል ሳይሠሩና ሳይፈረድባቸው፣ ዙሪያው ገደል በሆነው በዚህ አምባ ላይ በዘበኛ ይጠበቁ ነበር። ንጉሥ ሞቶ ወራሽ ሲፈለግ አንዱ ይወርዳል፤ የቀሩት እዚያው ያረጃሉ።

ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1399 የተወለደው የዐፄ ዳዊት ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች ተከታትለው ሲሞቱ በ1434 ከአምባው አውርደው አነገሡት። በ1468 እስኪሞት 34 ዓመት ገዛ። መጻሕፍት አስጻፈ፤ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት አደራጀ፤ ጥንቆላንና ጣዖትን ተዋጋ።

ነገር ግን የእስርን ምሬት የቀመሰው ሰው ራሱ አሳሪ ሆነ። ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት አስገረፈ፣ አሰረ፣ አስገደለ። በጣዖት አምልኮ ከተከሰሱት የገዛ ልጆቹ መካከል እንኳ በግርፋት የሞቱ አሉ። የግሸንም እስር ቤት ከእርሱ በኋላ ቀጠለ፤ በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን እስኪይዝ ድረስ።

ዕብራውያን 13፥3 ከታሰሩት ጋር እንደ ታሰርን ሆነን እንድናስባቸው ያዘናል። ዘርዐ ያዕቆብ በእርግጥ ታስሮ ነበር፤ የፈረደው ግን እንዳልታሰረ ሰው ነው። በደርግ ዘመን ስለ ወንጌል የታሰሩ አባቶችና እናቶች ያሉን እኛስ? ዛሬ ሥልጣን በእጃችን ሲገባ ከእኛ የተለየውን እንዴት እንይዘዋለን? በማረሚያ ቤት ያለውንስ ማን ይጠይቀዋል? ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።