ቴዎዶር ሆይግሊን፤ የካርቱሙ የወፎች ሠዓሊ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ አንድ ጀርመናዊ የኦስትሪያ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ሹመቱ ዛሬ የሚታወሰው በጥቂቶች ዘንድ ነው፤ የወፎች ሥዕሉ ግን ስሙን እስከ ዘመናችን አድርሶታል።

ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1824 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በቩርተምበርግ ተወለደ። የተማረው የማዕድን ሥራ ነበር። በ1850 ወደ ግብፅ መጥቶ ዐረብኛ ተማረ። በ1852 የካርቱም ቆንስል ከነበረው ከዶክተር ራይትስ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዘ፤ በማግሥቱ ዓመት ራይትስ ስለ ሞተ በእርሱ ቦታ ተተካ። ከዚያም ሹመቱን ከምርምር ጋራ አስተባብሮ የወፍ ዓይነቶችን ይሰበስብና ይሥል ጀመር። በ1856 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች ዝርዝር በቪየና አሳተመ።

ወፍ መሣል የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወፍ ሲሞት ላባው መልኩን ለብዙ ጊዜ ቢጠብቅም፣ የዓይኑ፣ የመንቈሩና የእግሩ ቀለም ወዲያው መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ በሞቃት አገር ያለ ሠዓሊ ሥራውን ለነገ ሊያሳድር አይችልም። ቅርፁን በብዕር ከነደፈ በኋላ፣ በውሃ የቀጠነውን ቀለም ከፈዛዛው ጀምሮ ወደ ደማቁ እየደራረበ ይቀባል፤ ነጭ ለሆነው ላባ ወረቀቱን እንዳለ ይተዋል። የውሃ ቀለም አንድ ጊዜ ከፈሰሰ ለማረም አስቸጋሪ ነውና፣ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ዓይን አጥርቶ ማየት አለበት።

ይህ የማየት ፍቅር ሆይግሊንን ዋጋ አስከፍሎታል። ኤድዋርድ ፎግል የተባለ ተጓዥ በዋዳይ አገር ጠፍቶ ስለ ነበረ፣ እርሱን ለሚፈልገው ጉዞ በ1860 መሪ ሆኖ ተመረጠ። በሰኔ 1861 ከባልደረቦቹ ጋራ ምጽዋ ደረሰ። የታዘዘው በቀጥታ ወደ ካርቱም እንዲሄድ ነበር፤ እርሱ ግን ከዶክተር ሽቶይድነር ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ታጥፎ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ዘለቀ። ላኪዎቹም መሪነቱን ነሡት። ፎግል አስቀድሞ በ1856 ተገድሎ ነበር፤ ዳሩ ግን ሆይግሊን መንገዱን የለወጠው ይህን ዐውቆ አልነበረምና አደራውን ከማጓደል ነጻ አያወጣውም።

በ1862 ካርቱም ገብቶ ከአሌክሲን ቲኔ ጉዞ ጋራ ተባበረ። በሚያዝያ 1863 ሽቶይድነር በባሕር ኤል ጋዛል በትኵሳት ሞተ። ሆይግሊን ግን ሥራውን አላቋረጠም። ከ1869 ጀምሮ በራሱ እጅ ከሣላቸው ሥዕሎች ጋራ የታተመው ታላቅ መጽሐፉ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች ከነጠባያቸው ይዘረዝራል፤ ለብዙዎቹም የአገሩ ሰው የሚጠራበትን ስም መዝግቧል። በ1876 በ52 ዓመቱ በሽቱትጋርት ዐረፈ። በአገራችን ቈላ የሚኖር አንድ ትልቅ የምድር ወፍ ዛሬም በሳይንስ ቋንቋ በእርሱ ስም ይጠራል።

ሥዕል ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት አድርገን የምንቈጥር መምህራን ይህን ሕይወት ልናስብ ይገባናል። ተማሪ በቅጥሩ የምታርፈውን ወፍ በየቀኑ ያያል፤ ጣቷ ስንት እንደ ሆነ፣ ስንቱ ወደ ፊት፣ ስንቱ ወደ ኋላ እንደ ዞረ የሚያስተውለው ግን እርሳስ ይዞ ሊሥላት ሲቀመጥ ነው።